ፈረንጁ እኛ ስንሆን፦ በ1,200 ዶላር ስሪ ላንካን 21 ቀን የመዞሪያ በጀት

ሲጊሪያ የሚባለው፣ አለት አናት ላይ የተሠራው የስሪ ላንካ ጥንታዊ ቤተ መንግሥት በር ላይ የአገሬው ሰው ትኬት የሚገዛበትና የውጭ ሰው የሚገዛበት መስኮት ለየብቻ ነው። እኔ መጀመሪያ የተሰለፍኩት የአገሬው ሰልፍ ላይ ነበር። መልኬ አይለይም ብዬ ይሆናል። ትኬት ቆራጯ ፈገግ ብላ በጣቷ ወደዚያኛው መስኮት ጠቆመችኝ። እዚያ ስደርስ 35 ዶላር ገደማ ተጠየቅኩ። ላሊበላ ላይ ፈረንጆች ዶላራቸውን ቆጥረው ሲከፍሉ እኛ በአጠገባቸው እናልፍ የለ? እዚህ ፈረንጁ እኔ ነኝ።

የስሪ ላንካ በጀት ነገሩ በሙሉ እዚህች መስኮት ላይ ነው ያለው። አገሩ ርካሽ ነው ይባላል፤ እውነትም ርካሽ ነው፤ ግን ርካሽ የሚሆንላችሁ የአገሬው ሰው የሚበላውን ስትበሉና እሱ የሚሳፈርበትን ስትሳፈሩ ነው። ለቱሪስት ተብሎ የተዘጋጀ ነገር ላይ ስትደርሱ ዋጋው አይቀመስም። ስለዚህ የምንሠራው በጀት ሁለት ኪስ አለው። አንዱ የቀን ኪስ፣ ሌላው የፈረንጅ ኪስ። እኔ የመጀመሪያ ጉዞዬ ላይ ሁለቱን አደባልቄ በ14ኛው ቀን ባዶ እጄን ቀረሁ። ሁለተኛው ጉዞዬ ላይ ግን ከታች ባለው መንገድ ሠርቼ 21 ቀን ሞላሁ።

ደረጃ 1፦ ወሩን ምረጡ

ከሁሉ በፊት ወር (እዚህ የምጠራቸው ወሮችም ዓመቶችም በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው፣ ታኅሣሥ ስል ዲሴምበር ማለቴ ነው)። ደሴቲቱ ትንሽ ብትሆንም ዝናቡ ሁለት ጊዜ፣ በሁለት አቅጣጫ ነው የሚመጣው። ደቡብና ምዕራቡ (ጎል፣ ኡናዋቱና፣ ሚሪሳ) የሚያምረው ከታኅሣሥ እስከ መጋቢት ነው። ምሥራቁ (ትሪንኮማሊ፣ አሩጋም ቤይ) ደግሞ ከግንቦት እስከ መስከረም። ሰው ሁሉ የሚሄደው በታኅሣሥና በጥር ስለሆነ የአልጋ ዋጋ ያን ጊዜ ይወጣል። የካቲት መጨረሻ ወይም መጋቢት ለእኛ ኪስ ይሻላል፤ ባሕሩም ገና አልተቆጣም።

ሁለት ጊዜዎችን ሽሹ። አንደኛው ሚያዝያ አጋማሽ ላይ ያለው የሲንሃላና የታሚል አዲስ ዓመት ነው። ሱቁ ይዘጋል፣ አውቶቡሱ ሁሉ ወደ ቤተሰቡ በሚሄድ ሰው ይሞላል፤ እኛ አገር የበዓል ዋዜማ መናኸሪያ እንዴት እንደሚሆን ታውቁታላችሁ። ሁለተኛው በሐምሌና በነሐሴ ካንዲ ላይ የሚደረገው የኤሳላ ፔራሄራ በዓል ነው። ያጌጡ ዝሆኖች በሌሊት ከተማውን ይዞራሉ፣ ለማየት ድንቅ ነው፣ ግን የአልጋ ዋጋ እጥፍ ድርብ ይሆናል። እሱን ማየት የምትፈልጉ ከሆነ በፈረንጅ ኪስ ውስጥ አስቡት።

ደረጃ 2፦ ከመነሳታችሁ በፊት የሚያልቀውን ብር ጻፉ

ወረቀት አውጡና ይህን ለብቻው ጻፉ፤ ምክንያቱም ከዕለት ወጪ ጋር ምንም አያገናኘውም።

ትኬት፦ እኔ የምኖረው ዱባይ ስለሆነ ኮሎምቦ በቀጥታ አራት ሰዓት ተኩል ገደማ ነው፣ ደርሶ መልስ ሒሳቡን 300 ዶላር ብዬ ያዝኩ። ከአዲስ አበባ የምትነሱ በዱባይ ወይም በዶሃ ቀይራችሁ መሄድ ትችላላችሁ፤ ይህን መስመር ብቻ በራሳችሁ ዋጋ ቀይሩት፣ ሌላው ያው ነው።

ቪዛ፦ በኢንተርኔት የሚሞላው የ30 ቀን የቱሪስት ፈቃድ 50 ዶላር ነው። መንግሥት ራሱ ባዘጋጀው ድረ ገጽ ብቻ ሙሉ። ፍለጋ ላይ ከላይ ብቅ ብለው እጥፍ የሚያስከፍሉ የመንግሥት ያልሆኑ ገጾች አሉ። ደግሞ አንዳንድ የአፍሪካ ፓስፖርቶች ቅድመ ፈቃድ ይጠየቃሉ። ስለዚህ መጀመሪያ ፓስፖርታችሁ ምን እንደሚጠየቅ እዩ፣ ፈቃዱ በእጃችሁ ሲገባ ትኬት ግዙ። ይህን ገልብጦ ሠርቶ ትኬቱ የተቃጠለበት ሰው አውቃለሁ።

የቢጫ ወባ ካርድ፦ ከኢትዮጵያ የሚገባ ሰው ይጠየቃል። ቢጫዋን ደብተር ፓስፖርቱ ውስጥ አድርጓት።

የጉዞ ኢንሹራንስ 35 ዶላር፣ ኤርፖርት ላይ የሚሸጠው ሲም ካርድ 7 ዶላር ገደማ። በድምሩ 392 ዶላር። ይህ ብር ከአሁን በኋላ የለም፣ እርሱት።

አንድ ነገር ልጨምር። ዋጋ ስታነቡ የተጻፈበትን ዓመት እዩ። ስሪ ላንካ በ2022 እ.ኤ.አ. ዕዳዋን መክፈል አቅቷት ገንዘቧ፣ ሩፒው፣ ወድቋል። ከዚያ በፊት አንድ ዶላር 200 ሩፒ ገደማ ነበር፣ በ2025 ደግሞ 300 አካባቢ ሆኗል። የብር ነገር ለገባው ሰው ይህ ማብራሪያ አያስፈልገውም። የ2019 ዋጋ ይዞ የሚሄድ ሰው ባጃጅ ላይ ሲጨቃጨቅ ይውላል። እኔም እዚህ የጻፍኳቸው ዋጋዎች በ300 ሩፒ የተሰሉ ናቸው።

ደረጃ 3፦ ቦታ ቀንሱ

ብር የሚበላው የቀን ብዛት አይደለም፣ የቦታ ብዛት ነው። ከከተማ ከተማ የምትሄዱበት ቀን ከተቀመጣችሁበት ቀን እጥፍ ያስወጣል። ባጃጅ አለ፣ አውቶቡስ አለ፣ በረሃብ ያገኛችሁት ውድ ምሳ አለ፣ ደክሟችሁ ሳትጠይቁ የያዛችሁት ክፍል አለ። በመጀመሪያ ጉዞዬ 11 ከተማ ሄጄ ነበር። በሁለተኛው 7።

የእኔ መስመር ይህን ይመስላል፦ ኔጎምቦ 1 ሌሊት (ኤርፖርቱ ካቱናያኬ ስለሆነ ከኮሎምቦ ይቀርባል)፣ ሲጊሪያና ዳምቡላ 3፣ ካንዲ 3፣ ኤላ 4፣ ኡዳዋላዌ 2፣ ደቡብ ባሕር ዳርቻ 6፣ ኮሎምቦ 2። ሃያ አንድ ሞላ። ባሕሩ ላይ ስድስት ቀን የሰጠሁት ስለምወድ ብቻ አይደለም። ዋናውም፣ አሸዋውም፣ የጎል አሮጌ ግንብ ላይ የፀሐይ መጥለቂያውም ነጻ ነው። እነዚያ ስድስት ቀናት የቀን ኪሱ ትንፋሽ የሚያገኝባቸው ናቸው።

ደረጃ 4፦ የቀን ኪስ፣ 28 ዶላር

አልጋ 12። ብዙ አልጋ ያለበት የሆስቴል ክፍል ከ6 እስከ 12 ዶላር ነው፣ የራሳችሁ ክፍል በሰው ግቢ ውስጥ ከ12 እስከ 25። ሁለት ከሆናችሁ የሰው ግቢ ይሻላል። ለመጀመሪያ ሌሊት ብቻ አስቀድማችሁ ያዙና ቀሪውን እዚያው ባለቤቱን ጠይቁ፤ ሦስት ሌሊት አድራለሁ ስትሉት ይቀንሳል።

ምግብ 9። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ።

ስሪ ላንካ ውስጥ መንገድ ዳር «ሆቴል» የሚል ታፔላ ብዙ ታያላችሁ። አልጋ የለውም። ምግብ ቤት ነው። እኛ ክፍለ ሀገር «ሆቴል ገብቼ በላሁ» እንደምንለው ማለት ነው። ቦርሳ አዝሎ የሚዞረው ባክፓከር ሁሉ አልጋ መስሎት ያልፈዋል፣ ሐበሻ ግን ወዲያው ይገባዋል። ከስድስት ሰዓት በኋላ ግቡ። ሳህኑ ላይ ስስ ላስቲክ ዘርግተው ያመጡታል፣ ሩዝ ይቆለልበታል፣ ዙሪያውን አራት አምስት ዓይነት ወጥ ይደረግበታል። ፓሪፑ የሚባለው ምስር ነው፣ ከእኛ አልጫ ክክ ጋር ዘመድ ናቸው። የኮኮናት ወተት ስለሚገባበት ትንሽ ይለሰልሳል። ሹካ ካልጠየቃችሁ አይመጣም፣ በቀኝ እጅ ነው የሚበላው። ሩዙ ሲያልቅባችሁ ልጁ ባልዲ የሚያህል ዕቃ ይዞ መጥቶ ይጨምርላችኋል፣ ወጡንም እንዲሁ፣ ዋጋው ግን ያው ነው። ከ400 እስከ 700 ሩፒ። ይኸው ምግብ መቶ ሜትር እልፍ ብሎ በእንግሊዝኛ ሜኑ ሲቀርብ 1,500 ይገባል።

ለጿሚ ይህ አገር ገነት ነው። አትክልቱ በኮኮናት ስለሚሠራ ቅቤም ወተትም የለውም። ግን ፖል ሳምቦል የሚባለው ቀይ የኮኮናት ማባያ ውስጥ የደረቀ ዓሣ ተወቅጦ ይገባል። ዓሣ የማትበሉ ከሆነ «ማሉ ኤፓ» በሉ፣ ዓሣ አልፈልግም ማለት ነው። ቃሪያቸው ቀልድ አይደለም፤ «ስፓይሲ ነው» ብለው ሲያስጠነቅቁኝ ስቄ ነበር፣ ከዚያ ውኃ ጠየቅኩ።

ማታ ኮቱ ብሉ። ቂጣ ከአትክልትና ከእንቁላል ጋር ምጣድ ላይ በሁለት ብረት እየተከተከተ የሚሠራ ነው፤ ከማየታችሁ በፊት ድምፁን ትሰማላችሁ። ከ700 እስከ 1,200 ሩፒ፣ ለሁለት ሰው ይበቃል ብል አላፍርም።

ሻይ ቤት ስትገቡ ሳታዙ አንድ ሳህን ሙሉ ሳምቡሳ መሳይ ነገር ጠረጴዛችሁ ላይ ያስቀምጣሉ። አትደንግጡ፣ አስገድደው እየሸጡላችሁ አይደለም። የበላችሁትን ብቻ ቆጥረው ያስከፍላሉ። እኔ የመጀመሪያ ቀን ሁሉንም መክፈል ያለብኝ መስሎኝ ሰባቱንም ጨርሻለሁ።

የቡና ሱስ ያለባችሁ ደግሞ ስሙኝ። ይህ አገር ድሮ ትልቅ ቡና አምራች ነበር። ከ1869 ጀምሮ የቅጠል ዋግ ገብቶ እርሻውን አጠፋው፣ ገበሬው ወደ ሻይ ዞረ፤ ዛሬ ተራራው ሁሉ ሻይ ነው። ስለዚህ ተራ ሻይ ቤት ውስጥ ጥሩ ቡና አታገኙም፣ ኤላ ላይ ያሉት ካፌዎች ለአንድ ካፑቺኖ የምሳችሁን ያህል ይጠይቋችኋል። በቀን ሁለቴ ቢሆን በ21 ቀን ወደ መቶ ዶላር ይጠጋል፣ አስቡት። እኔ ሩብ ኪሎ የተፈጨ ቡና ከቤት ይዤ ሄድኩ፣ የማደሪያዬ እናት የፈላ ውኃ ይሰጡኛል። ሁለተኛው ቀን ላይ እሳቸውም ስኒ ይዘው መጡ።

መጓጓዣ 4። ቀይ አውቶቡስ የመንግሥት ነው፣ ሌላው የግል። ሁለቱም ርካሽ ናቸው፣ ሁለቱም ይከንፋሉ። ረዳቱ ይመጣል፣ የምትወርዱበትን ትነግሩታላችሁ፣ መልስ ትጠብቃላችሁ። ከፊት ያለው ወንበር ለመነኮሳት የተተወ ነው፤ ብርቱካናማ ልብስ የለበሰ ሰው ሲገባ ተነሡ፣ አባ ሲገቡ እንደምንነሣው። ባጃጅ እዚያም ባጃጅ ነው፣ ያው የምናውቀው ባለ ሦስት እግር። በኮሎምቦና በካንዲ ፒክሚ የሚባለውን አፕ ተጠቀሙ፣ ዋጋው አስቀድሞ ይታያል። አፑ በማይሠራበት ቦታ በኪሎ ሜትር 100 ሩፒ ገደማ አስቡና ከመቀመጣችሁ በፊት ተነጋገሩ። ከተቀመጣችሁ በኋላ ክርክር የለም፣ ተበልታችኋል።

ባቡሩን ለብቻው ልንገራችሁ። ከካንዲ ወደ ኤላ የሚሄደው መስመር ስድስት ሰባት ሰዓት በሻይ ተራራ መሀል ይጠማዘዛል። ቁጥር ያለው ወንበር አስቀድሞ ይሸጣል፣ ቶሎም ያልቃል፤ ከዚያ ደላላ በአምስት እጥፍ ይዞ ይመጣል። አትግዙ። ቁጥር የሌለው የሁለተኛና የሦስተኛ ማዕረግ ትኬት በዚያው ቀን ጣቢያው ላይ ይሸጣል፣ ጥቂት መቶ ሩፒ ብቻ ነው። ችግሩ መቆም ነው። እኔ አራት ሰዓት ያህል በር ላይ ቆሜ ሄድኩ፣ ናኑ ኦያ ላይ ግማሹ ሰው ሲወርድ ተቀመጥኩ። ሹራብ ያዙ። ባቡሩ ፓቲፖላ ላይ 1,897 ሜትር ይወጣል፣ ሐሩር አገር ነው ብሎ በካናቴራ የመጣው ፈረንጅ ሁሉ ሲንቀጠቀጥ አይቻለሁ። ከባድ ዝናብ ሲጥል ሐዲዱ በናዳ ይዘጋል። የዚያን ቀን አውቶቡስ ይዛችሁ መሄድ እንጂ ታክሲ አትከራዩ።

የቀረው 3 ዶላር ለውኃ፣ ለሻይ፣ ለልብስ አጣቢና ለብርቱካናማው ኮኮናት ነው። 28 በ21 ሲባዛ 588።

ደረጃ 5፦ የፈረንጅ ኪስ፣ 110 ዶላር

እዚህ ላይ ነው ቁርጥ ያለ ውሳኔ የሚያስፈልገው። ሁሉንም አያለሁ ያለ ሰው በአንድ ሳምንት ይጨርሰዋል።

ሲጊሪያ 35 ዶላር ነው አልኩ። ይገባዋል ወይ? ካሲያፓ የሚባል ንጉሥ በ5ኛው ክፍለ ዘመን አለት አናት ላይ ቤተ መንግሥት ሠርቶ፣ ግድግዳው ላይ ሴቶች አሥሎ፣ ከታች በአንበሳ እግር መሀል የሚያስወጣ ደረጃ አበጅቶለታል። ለእኔ አንዴ ይገባዋል። በሁለተኛው ጉዞዬ ግን አጠገቡ ያለው ፒዱራንጋላ ላይ ወጣሁ፣ 1,000 ሩፒ ገደማ ነው፣ ሲጊሪያን ራሱን ከፊት ለፊት የሚያሳየውም እሱ ነው። ብር ካጠራችሁ ያለ ጸጸት ይህን ምረጡ።

ሳፋሪ 50 ያዙ። ያላ ነብር አለው፣ ጂፑም ሰልፍ ነው። ዝሆን ማየት ከሆነ ፍላጎታችሁ ኡዳዋላዌ ሂዱ። ጂፑ የሚከራየው በመኪና እንጂ በሰው አይደለም። ስለዚህ ማታውኑ ማደሪያችሁ ውስጥ ያሉትን ሰዎች ጠይቃችሁ አራት አምስት ሁኑ። ብቻችሁን ከሄዳችሁ ኪሱ በሙሉ እዚያ ያልቃል።

የዳምቡላ ዋሻ ቤተ መቅደስና የካንዲው የቡድሃ ጥርስ ቤተ መቅደስ እያንዳንዳቸው 2,000 ሩፒ ገደማ። ትከሻና ጉልበት መሸፈን ግዴታ ነው። በር ላይ ሻርፕ ያከራያሉ፣ እናንተ ነጠላ ይዛችሁ ሂዱ። ምእመኑም ነጭ ለብሶ ነው የሚመጣው፣ እኔን አንዲት አሮጊት የአገሩ ሰው መስዬአቸው በሲንሃላ ጨዋታ ጀምረውኝ ነበር። ያው ነጠላ ባሕር ላይ ምንጣፍ፣ አውቶቡስ ውስጥ ብርድ ልብስ ይሆናል።

ነጻ የሆነውን ደግሞ አትናቁ። የኤላ ዘጠኝ ቅስት ድልድይ ነጻ ነው። ትንሹ የአዳም ጫፍም ነጻ ነው። ከታኅሣሥ እስከ ግንቦት ከሄዳችሁ ትልቁን የአዳም ጫፍ፣ ስሪ ፓዳን፣ በሌሊት ውጡ። 2,243 ሜትር፣ ከአምስት ሺህ በላይ ደረጃ፣ መግቢያ የለውም። ሻይ ቤቶቹ ግን ከፍ ባላችሁ ቁጥር ዋጋቸውም ከፍ ይላል፣ ስለዚህ ሻያችሁን ታች ጠጡ።

«ነጻ ጉብኝት» የሚለውን ተጠንቀቁ። ከዳምቡላ ወደ ካንዲ ስሄድ የባጃጁ ሹፌር ማታሌ አካባቢ አንድ የቅመም አትክልት ቦታ አስገባኝ። ቀረፋ አስሸተቱኝ፣ ሻይ አጠጡኝ፣ አንዱ ትከሻዬን በዘይት አሸልኝ፣ በመጨረሻ ሱቁ ውስጥ 7,500 ሩፒ የከፈልኩበት ጠርሙስ ይዤ ወጣሁ። የሦስት ቀን ገደማ ምግብ። ጠርሙሱ እስካሁን ቤቴ አለ፣ አልተከፈተም።

ደረጃ 6፦ ብሩን እንዴት ትይዛላችሁ

ለድንገተኛ 100 ዶላር ለብቻ። ይህ የትም ኪስ ውስጥ አይደለም፣ ጫማ ውስጥም ይሁን ፓስፖርት ሽፋን ውስጥ፣ እናንተ ታውቃላችሁ። ድምሩ 392፣ 588፣ 110፣ 100፦ 1,190 ዶላር። አሥሯ ለበረከት።

ዶላራችሁ ንጹሕና ያልተጨማደደ ይሁን። የመጀመሪያ ሳምንቱን ያህል ኤርፖርት ላይ መንዝሩ። ኤቲኤም ላይ ብዙ ባንኮች በአንድ ማውጣት ቆረጥ ያደርጋሉ፣ የእናንተም ባንክ ይቆርጣል። ስለዚህ ትንሽ ትንሽ ሳይሆን የሳምንቱን በአንዴ አውጡ። 5,000 ሩፒ ኖት አውቶቡስ ላይ ለማንም አትስጡ፣ ረዳቱ ይቆጣል፣ ልክም ነው። ሱፐርማርኬት ገብታችሁ ውኃ ግዙና ዘርዝሩት።

ደረጃ 7፦ ማታ ማታ አምስት ደቂቃ

ስልካችሁ ላይ ሁለት መስመር ጻፉ፣ የቀን እና የፈረንጅ። የዕለቱን ብቻ አትዩ፣ የሦስት ቀኑን ደምሩና ለሦስት አካፍሉ። አንድ ቀን 45 ብታወጡ ምንም አይደለም፣ የሦስት ቀኑ አማካይ ከ28 ካለፈ ግን ነገ የምትሄዱበትን ከተማ አንድ ቀን አዘግዩ። መቁረጥ ያለባችሁ ምሳውን አይደለም፣ መንገዱን ነው። ሙሉ ጨረቃ የሚሆንበት ቀን ፖያ ይባላል፣ የሕዝብ በዓል ነው፣ መጠጥ አይሸጥም። ያን ቀን ሒሳባችሁ ራሱን ያስተካክላል።

የመጨረሻው ሌሊት ላይ ሩፒያችሁን አልጋ ላይ ዘርግታችሁ ቁጠሩት፤ ከአገሩ ከወጣ በኋላ የሚመነዝርላችሁ ሰው ማግኘት ከባድ ነው። ከኮሎምቦ ፎርት ወደ ኤርፖርት 187 ቁጥር አውቶቡስ አለ፣ የሱን ሒሳብ በዝርዝር ለዩ። ለአንድ ሳህን ሩዝና ወጥ የሚሆን ለዩ። የቀረውን የመመንዘሪያ ደረሰኛችሁን ይዛችሁ ካቱናያኬ ላይ ከመግባታችሁ በፊት ቀይሩት። እኔ 3,400 ሩፒ ነበር የቀረኝ፣ ከመመንዘር ይልቅ ሻይ ገዛሁበት።